ጉሌድ ጂሃድ ያለው ነገር

ድሬ ዳዋ፣ መጋላ
ኅዳር 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለዋይስ ተማም
ዓደን

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። ናፍቆቴን በምን ቃል እንደምጀምረው ጠፍቶኛል። እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። የእማማ ዓይን ከክረምት ወዲህ ጭራሽ ደክሟል፤ ሰው የምትለየው በድምፅ ነው። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ዓደን ሱቅ ይዟል» እያለች ታወራለች። እኔም እሺ እላታለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አልሰጠሁትም። በእጁ የሚያደርስልህ ሰው የምናምነው ነው።

ቀፊራ ገበያ የደረሰውን ሰምተሃል። ግን የሰማኸው ከሩቅ ነው። እኔ ሆስፒታል ተረኛ ነበርኩ። ሐረር የሚሄደው የጭነት መኪና ጠዋት ሰው ሲያሳፍር፣ ከማሽላው ጆንያዎች አንዱ ውስጥ የተደበቀ ፈንጂ ፈነዳ። ሹፌሩ፣ የወይዘሮ ሉል ባል፣ እዚያው ሞተ። ኢስታርም ሞተች። ወተት ሻጯ ኢስታር፣ ልጆች ሆነን ስንታመም የግመል ወተት ይዛ እየመጣች በእጇ ያጠጣችን። አስከሬኗን ያጠብኩት እኔ ነኝ። በዚያ መኪና ላይ አንድም ወታደር አልነበረም፣ ዋይስ።

ከቁስለኞቹ መካከል ጉሌድ ነበር። ከአንተ ጋር አባባ እግር ስር ተቀምጦ ቁርዓን የቀራው፣ አምናም አብሮህ የሄደው ጉሌድ። ወደ ድሬ መመለሱን እንኳ አላወቅንም ነበር። ሐኪሞቹ ቀኝ እጁን ቆረጡት። ፖሊሶቹ መንገደኛ ነው ብለው አለፉት፤ የያዙት ጫኙን ዓዋሌን ነው፣ ጆንያውን መኪናው ላይ ያወጣው እሱ ነዋ። የዓዋሌ ሚስት ሕፃኗን ታቅፋ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ስትጮህ ዋለች።

አባባ ቁስለኞቹን ሊጠይቅ መጣ። ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል በየአልጋው እየዞረ ዱዓ አደረገ። ጉሌድ ጋ ሲደርስ፣ ጉሌድ በግራ እጁ ልብሱን ጨምድዶ ያዘው። እኔ ፋሻ እየቀየርኩለት ነበር።

«ሼኻችን፣ ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለው። «ግን ጂሃድ ነው። ጂሃድ ነው ብለውኛል።»

አባባ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ሲቆጣ ድምፁ እንዴት እንደሚወርድ ታውቃለህ።

«ማን ላይ ነው ጂሃዱ? ኢስታር ላይ?»

«ወታደሮች ይሳፈሩበታል ተብዬ ነው።»

«አለመሳፈራቸውን ስታይስ?»

ጉሌድ ጨምድዶ የያዘውን ልብስ ለቀቀ።

«ጂሃድ ለአላህ ብሎ መልፋት፣ መታገል ነው» አለው አባባ። «መጀመሪያ የምትታገለው የራስህን ነፍስ ነው፤ ቂሟን፣ ትዕቢቷን። ሰይፍ የተፈቀደበት ጊዜም አለ፤ የለም ብዬ አልዋሽህም። ለተገፋ ነው፣ ከቤቱ ለተባረረ፣ ሊወጉት ለመጡበት። ያም ቢሆን ወሰን አለው። ኸሊፋው አቡበክር ጦር ሲያዘምቱ ሴት አትግደሉ፣ ሕፃን አትግደሉ፣ ሽማግሌ አትግደሉ፣ በገዳሙ ያለውን መነኩሴ ተዉት፣ የሚያፈራ ዛፍ አትቁረጡ ነው ያሉት። እኔው አስተምሬህ የለም? ዛፍ እንኳ የማይነካበትን ነገር ስም ይዘህ ወተት ሻጭ ገደልክበት። ገበያ መሀል ሞት ደብቆ መሸሽ ሽብር ነው። የአላህን ስም አታልብሰው።»

ጉሌድ አለቀሰ። ብዙ አለቀሰ። «ታዲያ ለእኔ ምን ቀረኝ?» አለ።

«ዓዋሌ በአንተ ፈንታ ታስሯል። ነፍስህ ደግሞ፣ ዝም በል፣ ማንም አላወቀህም ትልሃለች። እሷን ታገላት። ጂሃድ ከፈለግህ ይኸው።»

ቀጥሎ ማን እንደላከው ጠየቀው። ጉሌድ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፋሻው ከእጄ ወደቀ። አባባ ጎንበስ ብሎ አነሳልኝ፤ ሁለተኛም አልጠየቀም።

በማግስቱ ጉሌድ ራሱ ፖሊስ አስጠራ። ያደረገውን አንድ ሳያስቀር ተናገረ፤ የላከውን ሰው ስም ግን አላወጣም። ዓዋሌ ተፈታ። ጉሌድን ወደ ሐረር ወስደውታል። የሚፈረድበት ምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።

ወንድሜ፣ የደረሰብህን በደል አልረሳሁም። ከሶማሊያ ጋር በተደረገው የድንበር ጦርነት ሰሞን ወታደሮች አጎታችንን በሱቁ በር ላይ ሲገርፉት አብሬህ አልቅሻለሁ። ዛሬም ሲታወሰኝ ያመኛል። ግን አጎታችንን የገረፈው ኢስታር አይደለችም።

አባባ በኢስታር ጀናዛ ላይ ከሰገደ በኋላ ወይዘሮ ሉል ዘንድ ለቅሶ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ድንኳኑ ውስጥ ወንበር አቀረቡለት። አባባ ወንበሩን ትቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሼህ፣ እርስዎ ምን አደረጉንና ነው እንዲህ የሚያቀረቅሩት?» አለችው።

«ልጅ አስተማርኩ፤ አልተማረልኝም» አላት።

እሷ ጉሌድን ያለ መሰላት። «ተማሪ ቢያጠፋ አስተማሪው ምን ያድርግ?» ብላ፣ በጥቁር ልብሷ፣ እጁን ይዛ አስነሳችው።

ትናንት «ለወንድምሽ ጻፊለት» አለኝ። አንድ ሰው ለጂሃድ ሊዘምት ፈቃድ ሲለምን ነቢያችን፣ ሰለላሁ ዓለይሂ ወሰለም፣ «ወላጆችህ በሕይወት አሉ?» አሉት። «አሉ» ሲል «እንግዲያው እነሱን በማገልገል ታገል» አሉት። ይህን እንዳልረሳ ሁለቴ ነግሮኛል።

ሌላም ብሏል። ስትመጣ በበረሃ ተደብቀህ አትምጣ፤ ከጅቡቲ በባቡር ና። እሱ ጣቢያው በር ላይ ይጠብቅሃል። መጀመሪያ ቤት ትገባለህ፣ እማማን ታቅፋታለህ፣ የሠራችልህን ትበላለህ። ከዚያ እጅህን ይዞ እስከ ፖሊስ ጣቢያው አብሮህ ይሄዳል። «ብቻውን አልሰደውም» ብሏል።

አላህ ልብህን ያቅናልን፤ በደህና ያገናኘን። አሚን።

እህትህ
ቱሪያ ተማም