ተቀምጦ የሚታይ ጭረት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ ከሥራ መልስ

ውድ አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? ቁስልህስ እንዴት ነው? ጠዋት አክስቴ ጋ ስደውል «ዛሬ ቁርሱን ጥርግ አድርጎ በላ» ብላ አበሰረችኝ። ለእማዬ ስነግራት «ተመስገን፤ ከበላማ መጨቃጨቅም ጀምሯል ማለት ነው» አለች። እኛ ደህና ነን። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። ስልክ ላይ ስለ መኪና ፖሊሽ ቤታችን ባነሳሁ ቁጥር «መስመሩ ተበላሸ» እያልክ ትዘጋብኛለህ። ያ መስመር ደግሞ ስለ ዝናብና ስለ ፀሐይ ስናወራ አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም። ወረቀት ግን አይዘጋም፤ መነጽርህን አድርግና እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ባለፈው «ሽጪው። አንድ እግር ያለው ሰው የሰው መኪና አይወለውልም። እኔ እዚሁ እህቴ ዘንድ እቀመጣለሁ» ስትለኝ ስልኩን ከአፌ አርቄ እያለቀስኩ ነበር። ስኳር እግርህን ወሰደ፤ አንተን ግን ተወልን። በየቀኑ የማመሰግነው ለዚህ ነው። አንተ ግን ከእግርህ ጋር አብረህ የሄድክ ይመስል ስታወራ አንጀቴን ትበላዋለህ። ለፖሊሽ ቤቱ ገዢ ተገኝቷል፤ ሰውየው ሰኞ መልስ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን የዚህን ሳምንት ወሬ ልንገርህ።

ልብስ ሰፊውን ታስታውሳቸው የለ? ያቺን ጥቁር መኪናቸውን ከልጆቻቸው አስበልጠው የሚወዱትን? ማክሰኞ ጠዋት መጡና ሞተሩን እንኳ ሳያጠፉ በመስኮት ብቅ ብለው፣

«አባትሽ የሉም?» አሉኝ።

«የሉም። እኔ አለሁ።»

«አንቺማ አለሽ። ግን ጥቁር ነው እኮ!»

ጥቁር ቀለም ምንም ጭረት እንደማይደብቅ እኔም አላጣሁትም። አፌ ግን በአንተ ስለወጣ «ጥቁር ባይሆን ማንም ይሠራው ነበር» አልኳቸው። ሳቁና ቁልፉን ሰጡኝ። ሲሄዱ ግን ልጃቸውን የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት ትተው የሚሄዱ ይመስል ዞር ዞር እያሉ ያዩዋት ነበር።

ሁሉንም እንዳስተማርከኝ አደረግኩ። ቀለበቴንና ሰዓቴን አወለቅኩ። ሱሪዬን በገመድ አሰርኩ። ልጅ ሆኜ ጓደኞቼ «አባትሽ ቀበቶ የለውም እንዴ?» ብለው ሲስቁብኝ መጥቼ የነገርኩህ ትዝ ይልሃል? «የሰው መኪና በኔ ቀበቶ ብረት ከሚጫር ሱሪዬ ይውለቅ» አልከኝ። እማዬ ደግሞ ከጓዳ «ሁለቱም ባይሆን ይሻላል» አለች።

መኪናውን አጥቤ ካደረቅኩ በኋላ ስስ ፌስታል እጄ ላይ አጥልቄ ቀለሙን ዳበስኩት፤ ባዶ እጄ ያላገኘውን ሻካራ ነገር ሁሉ ፌስታሉ ለቀመልኝ። የፖሊሽ ማሽኑ ቀለም የሚበላው ጠርዝ ላይ ነውና ጠርዝ ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩ። ከዚያ ማሽኑን አስነስቼ በራሱ ክብደት ብቻ እንዲሄድ ለቀቅኩት። «አትጫኚው፣ የቸኮልሽው አንቺ እንጂ መኪናው አይደለም» የምትለኝን ከጎኔ የቆምክ እስኪመስለኝ ድረስ ሰማሁት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩ። መብራቱን ይዤ እየዞርኩ አየሁት፤ መስታወት ነው። በሩ ላይ ጥርሴ ታየኝ። ልደውልልህና ልጎርርብህ ስልኬን ሳነሳ የፖሊሹ ጠርሙስ ክዳን ከእጄ አምልጦ ከመኪናው ሥር ገባ። ላወጣው ቁጢጥ ስል ክው አልኩ። የበሮቹ ታችኛው ክፍል በሙሉ ክብ ክብ ጭረት ነው! የድሮ ጭረት እንዳይመስልህ፤ የገዛ ማሽኔ ዱካ ነው። ቆሜ ሳየው አንዱም አልነበረም።

«አለቃዬ፣ ጎንበስ በይ እንጂ! ቆመሽ ያየሽው አልታየም» ትለኝ ነበር። ገና ዳዴ ስል ጀምሮ ስለማዝዝህ ያወጣህልኝ ስም ነው፤ አለቃዬ። አለቃ ሆኜ ቀረሁና ጎንበስ ማለት አልለመድኩም፤ አንተ ነህ ጎንበስ የምትለው። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ከመኪናው ጎን ቁጢጥ ትላለህ፣ ጉልበትህ ቋ ይላል፣ «ኧረ ወገቤን!» ትላለህ፣ ከዚያ ጣትህን ወደ አንድ ቦታ ትቀስራለህ። እኔም ሄጄ ያንን አጠፋለሁ።

እንዳንተ ቁጢጥ ብዬ ጭረቱን መፈለግ ጀመርኩ። ሁለተኛው በር ላይ ሳልደርስ እግሬ ደነዘዘ። ብስጭት ብዬ ከቢሮ ባለጎማውን ወንበር እየገፋሁ አመጣሁና እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌ ተቀመጥኩበት። መብራቱን በእጄ ይዤ፣ ወንበሩን በእግሬ እየገፋሁ መኪናውን ዞርኩት። አባዬ፣ ሁሉም ነገር ታየኝ! ከመስኮቱ በታች ያለው አንድ ሳይቀር። ጉልበቴ ቋ ሳይል፣ ወገቤን ሳልል።

ኋለኛው በር አጠገብ ስደርስ ወንበሩን አቆምኩና እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። «አንዴም አልተቀመጠበትም፤ ከበሩ ኋላ እንደታጠፈ ነው» ብላ አክስቴ የነገረችኝ ዊልቸር ቁመቱ ይኸው ነው እኮ።

ዕድሜህን ሙሉ ጉልበትህን እየሰበርክ የምትወርድበት ቦታ ነው፤ አሁን ቁጭ ስትል እዚያው ነህ። ማሽን መያዝ፣ መቆም፣ መግፋት እኔ እችላለሁ። የማልችለው እንዳንተ ማየት ነው። ገዢው ቤቱንና ማሽኖቹን ይወስዳል፤ ያንን ዓይን ግን ማን ይሰጠኛል?

ያን ቀን አምሽቼ የታየኝን ጭረት ሁሉ አጠፋሁ። አርብ ልብስ ሰፊው መጡ። ቆመው መኪናውን ዞሩት። ከዚያ ደንበኛ ሲለኩ እንደሚያደርጉት ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው ሳብ አድርገው ቁጢጥ አሉና የበሩን ታች በጎን አዩት። ለካ አንተን አይተው ለምደዋል! ቀና ሳይሉ፣

«አባትሽ ገብተዋል እንዴ?» አሉኝ።

«መንገድ ላይ ናቸው» አልኳቸው።

እንግዲህ አታስዋሸኝ።

አባዬ፣ በአፌ ብዬህ አላውቅምና በወረቀት ልበልህ፤ አመሰግንሃለሁ። በእጄ ሠርቼ እንድበላ ስላደረግከኝ፣ ስሳሳት ከሰው ፊት አንዴም ስላልጮህክብኝ፣ ለዚያ ለገመድህም ሳይቀር። ይህ ደብዳቤ ነገ በሰው እጅ ይደርስሃል፤ ሰኞ ለገዢው እደውላለሁ። ቤቱ ያንተ ነው፤ ካልከለከልከኝ መልሴ «አይሸጥም» ነው። ከከለከልከኝ ደግሞ መስመሩ ይበላሻል።

እማዬ ትስምሃለች፤ የምታወራለትን ሰው አጥታ ከሬዲዮኑ ጋር መከራከር ጀምራለች። ፈጣሪ ቁስልህን ያድርቅልህ፤ ላንተ የሚለፉትን የአክስቴን እጆች ይባርክልኝ። ምርቃትህ አይለየኝ።

የምትወድህ ልጅህ፣
አለቃህ

ልረሳው ነበር፦ ከቢሮ ወደ መሥሪያው ሲገባ ሁልጊዜ የምታደናቅፍህን ደረጃ ግንበኛ ጠርቼ በሲሚንቶ ተዳፋት አስደርጌያታለሁ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ አቧራ መሳቢያውን ማሽን ለመግፋት ነው አልኩት። በወንበሩ ሞክሬዋለሁ፤ ሳይንገጫገጭ ይገባል።