የቦራ ቀይ ዘርፍ

ሰኞ፣ የካቲት 11

ዛሬም ቦራ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ወረወረ፤ ያውም መናኸሪያው በር ላይ፣ ሁለት ሴቶች አሳፍሬ። ጋሪው ሲናጥ አንደኛዋ «ያውርዱኝ! ይኼ ፈረስ ልክፍት አለበት» ብላ ወረደች። ሌላዋም ተከተለቻት። ዝንብ አፍንጫው ውስጥ የገባበት ይመስል ራሱን ይነቀንቃል፣ ያነጥሳል፣ ቆም ሲል አፍንጫውን በፊት እግሩ ያሻል። በጋው ከጠና ወዲህ የጀመረው ነው።

ፈረሱ የታደሰ ነው። ልጃችን ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ «አባባ፣ ቦራን አደራ» ነበር ያለኝ። ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ወሬውን አልሰማንም።

ማክሰኞ 12

ጆሮውን አየሁ፤ መዥገር የለም። ጥርሱን ዳበስኩ፤ ደህና ነው። የልጓሙን ብረት በጨርቅ ጠቀለልኩለት፤ ለውጥ የለም።

የቀረው ግንባሩ ላይ የተንጠለጠለው ቀይ ዘርፍ ነው። እዚህ ናዝሬት ያላጌጠ የጋሪ ፈረስ የለም። የቦራን ዘርፍ ታደሰ የገዛ ሹራቡን ተርትሮ ነው የሠራለት። ዓይኑ ላይ እየወደቀ ያሳክከው ይሆናል አልኩ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ በቢላ ቆረጥኩት።

ለካ ባለቤቴ አስካለ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። «የልጄ እጅ የነካውን!» አለች። ጎንበስ ብላ ክሩን ከአቧራው ላይ ስትለቅም ነበር፤ ግማሹን ንፋስ ወስዶታል።

ሐሙስ 14

ባሰበት። ፀሐይ ሲበረታ ራሱን ከጋሪው እንጨት አላተመ፤ ከንፈሩ ደማ። ደንበኛ ሸሸኝ። ገለባ ዘንድሮ እሳት ነው።

አብሮኝ ጋሪ የሚነዳው ቱፋ አየና አዘነ። «ወንድሜ፣ የማይሠራ ፈረስ መቀለብ አትችልም። ወለንጪቲ መንገድ ወስደህ ልቀቀው። የሁሉም መጨረሻ እዚያው አይደል?»

መልቀቅ ማለት ለጅብ መስጠት ነው። ባለጋሪ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም ከቦራ በፊት የነበረውን ለቅቄዋለሁ።

ዓርብ 15

ለአስካለ ውሃ ላጠጣው ነው ብዬ ዋሸሁ። መንገዱን ሁሉ ሲነቀንቅ ሄደ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ትልቅ ግራር አለ፤ ሥሩ አቁሜ ገመዱን ፈታሁለት። አልሄደም። ዞር ብዬ ሳየው መነቅነቁን ትቶ ፀጥ ብሏል። ሣር ነጨ።

ጎትቼ ፀሐይ ላይ አወጣሁት፤ መነቅነቁን ጀመረ። ወደ ጥላው መለስኩት፤ ተወ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ፀሐይ ያመመውን እንስሳ ነው ለጅብ ላበላ የመጣሁት። ገመዱን መልሼ አሰርኩና ወደ ቤት መለስኩት።

ቅዳሜ 16

የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ወጣቱ ሐኪም ዓይኑን፣ አፉን፣ ጆሮውን አየ፤ ስለ ግራሩም ነገርኩት።

«አባት፣ የፊቱ ነርቭ ነው የሚያመው። ብርሃን፣ ንፋስና አቧራ ይቀሰቅሱበታል። ይድናል ብዬ አልዋሽዎትም። ዓይኑን ከፀሐይ ይከልሉለት፣ አፍንጫውን በስስ መረብ ይሸፍኑለት፣ በቀትር አያሠሩት።» ከዚያ ጠየቀኝ። «እንደ ሌሎቹ ግንባሩ ላይ የሚወርድ ዘርፍ አልነበረውም? እሱ እንኳ ትንሽ ይጋርደው ነበር።»

መሬት መሬቱን አየሁ።

ሰኞ 18

ለአስካለ ሁሉንም ነገርኳት፤ ግራሩንም አልደበቅኩም። እርግማን ጠብቄ ነበር። እሷ ግን የለቀመችውን ክር ከሳጥኗ አወጣች። አልበቃ ሲላት የራሷን ቀይ ሹራብ መተርተር ጀመረች። «ይበርድሻል» ብላት «ልጄስ ያለበት አይበርደውም?» አለችኝ።

አዲሱ ዘርፍ ረጅም ነው፤ ዓይኑን አልፎ እስከ አፍንጫው ይወርዳል። ከአሮጌ አጎበርም ቆርጣ ከልጓሙ ጋር ሰፋችለት። ቱፋ አይቶ «ሙሽራ አደረጋችሁት!» ብሎ ሳቀ። አስካለም ፈገግ አለች።

ረቡዕ 20

ጠዋትና ወደ ማታ ብቻ እንሠራለን። ቀትር ላይ ከግድግዳው ጥላ አይወጣም። መነቅነቁ አልጠፋም፤ ዛሬም ንፋሱ ሲነሳ ሁለቴ ራሱን ወደ ላይ ወረወረ። ነገር ግን አንዲት አሮጊት ከገበያ እስከ ቤታቸው አደረስኩ፤ «ጨዋ ፈረስ» አሉት።

ዘርፉ ታደሰ እንዳሰረው አይደለም። ግማሹ የእሱ፣ ግማሹ የእናቱ ክር ነው፤ ቀዩም አንድ ዓይነት አይደለም። ልጄ ዓይኑ ፈጣን ነው፣ ገና ከበር ሲገባ ያውቀዋል። «ማን ቆረጠው?» ብሎ ይቆጣኛል።

ይምጣና ይቆጣኝ።