ትርፍ ዓይን

ጁላይ 6

ካፊያ። ፀሐይ ከጠፋች ሦስተኛ ቀኗ። ከተማችን ሳላላ በሙሉ እርጥብ ፎጣ ፎጣ ትሸታለች። ከኩዌትና ከሪያድ የመጣው ሰው ደግሞ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ፣ ጭቃ ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ፣ አንገቱን አቅንቶ ጭጋግ ይጠጣል። እኔ ስልሳ አራት ዓመት ስሸሸው የኖርኩትን ዝናብ ለማየት በረሃ አቋርጦ ይመጣል። ሞኙ ማነው? ... እኔ ሳልሆን አልቀርም። ዝናብ ውስጥ ቆሜ ኮኮናት የምቆርጥለት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ሲሐም ወደ ኮኮናት መሸጫ ዳሴ መጣች።

«እማዬ፣ አክስቴ ጡፉል በሃያ አንድ ከሙስካት ትገባለች።»

«ምን ልትሠራ?»

«አገር ልታይ። ፏፏቴውን፣ ባሕሩን... አንቺ እንድታስጎበኛት ነው የምትፈልገው።»

«እዚሁ አይደል እንዴ የተወለደችው?»

«እሱን ለራሷ ንገሪያት።»

ታናሽ እህቴን ካየኋት ስድስት ዓመት። አሁን ደግሞ አስጎብኚ ሆንኩ። ፏፏቴውን የማውቀው ላም ሳጠጣበት ነው።

ጁላይ 7

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። የድሮው ነገር መጣ።

ትምህርት ቤት የተከፈተ ጊዜ አባባ አንዳችን እንድንማር፣ አንዳችን ላሞቹ ጋ እንድንቀር ፈረደ። እኔ አሥራ አምስት፣ ጡፉል ሰባት። ላሞቹ እኔን ወደዱ። አንድ ቀን ደብተሯን ለመንኳት። የመጀመሪያው ፊደል፣ አሊፍ፣ እንዴት እንደሚጻፍ አሳይኝ አልኳት። ሽቅብ አየችኝና «አንቺ? ላሞቹ ይስቁብሻል» አለች።

ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ያቺን ቃል እንደ ከረሜላ ጉንጬ ውስጥ ይዤያት ዞርኩ። ከረሜላ ቢሆን ኖሮ ያልቅ ነበር።

እሷ ሠላሳ ዓመት አስተማረች። እኔ ፊደል የጀመርኩት በስልሳ ዓመቴ፣ ጉልበቴ ከአግዳሚው ሥር አልገባ እያለ። ግን አሁን አነባለሁ። ይኸው እጽፋለሁም። ስትመጣ ታያለች። ይህን ካላየች የመጣችው ለምንድነው?

ጁላይ 9

ታፔላ ጻፍኩ! ለዳሱ። በሰማያዊ ቀለም፣ በራሴ እጅ፣ ማንም ሳይረዳኝ። «ቀዝቃዛ ኮኮናት አለ።» ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ምላሴን ነክሼ ስለጻፍኩ አሁን እራት መብላት አቃተኝ።

ከጎኔ ሙዝና ሸንኮራ የሚሸጠው ኩቲ መጥቶ ቆመ። ከሕንድ፣ ከኬራላ ከመጣ ሃያ ዓመቱ ነው። አረብኛ ሲያወራ ከእኔ ይበልጣል፣ ማንበብ ግን አያውቅም።

«ቆንጆ ነው እማማ። ትንሽ ጠመመ እንጂ።»

«ዝም በል። አንተ ማንበብ አትችልም።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ለሰው የምናገርበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሁለት ጊዜ አልኩት።

ጁላይ 12

ዛሬ አሥራ አንድ ሰው ታፔላዬን ፎቶ አነሳ። አንዱማ ሚስቱን አጠገቡ አቆማት። ሁሉም ፈገግ ይላሉ። እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ አሁን ጠፍቷል... ሁሉም በማሽን ነው የሚጽፈው። ኮኮናቱ ከቀትር በፊት አለቀ።

ለጡፉል በስልክ ድምፅ ላኩላት። «ስትመጪ የጻፍኩትን አሳይሻለሁ። ሰው ከሩቅ አገር እየመጣ ፎቶ ያነሳዋል» አልኩ። ድምፄን ዝግ አድርጌ፣ ነገሩ ብዙም ያልገረመኝ መስዬ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነው የቀዳሁት።

ጁላይ 14

መሬት አልተከፈተችም። ለመንኳት፣ አልተከፈተችም።

አንዲት ኩዌታዊት በሳቅ ፍርስ እያለች መጣች። «እናቴ፣ የምትሸጪው ራስሽን ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ያልሽው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ ምን አልኩ?» በጣቷ ፊደል በፊደል እያሳየች አነበበችልኝ።

ኮኮናቱ «ጆዝ» ነው። እኔ ፊቱ ላይ አንዲት ዓይን የምትባል ፊደል ጨምሬ «ዓጁዝ» አድርጌዋለሁ። ኮኮናቱ ሄደ፣ አሮጊት መጣች። አምስት ቀን ሙሉ «ቀዝቃዛ አሮጊት አለ» በሚል ታፔላ ሥር ቆሜ፣ ቆንጨራ ይዤ፣ ለፎቶው ፈገግ ስል ነበር!

ከየት አመጣኋት? የጎልማሶች ትምህርት መምህሬ ናት። «ባኺታ፣ ዓይንሽን ረሳሽ። አሁንም ዓይንሽን ረሳሽ» እያለች አራት ዓመት ነዘነዘችኝ። እንዳልረሳት ብዬ በማታስፈልግበት ቦታ ከተትኳት።

ጡፉል ሰባት ቀን ቀርቷታል።

ጁላይ 15

ታፔላውን ልነቅል በጠዋት ሄድኩ። ኩቲ ሁለት እጁን ዘርግቶ ፊቱ ቆመ።

«እማማ፣ በአላህ ይዤሻለሁ። ሸንኮራዬ እንኳን እየተሸጠ ያለው በእሱ ነው።»

«መሳቂያ ሆኛለሁ እኮ።»

«ታዲያ ይሳቁ። የሚስቅ ሰው ይጠማዋል።»

ልቤ ሁለት ሆነ። መጨረሻ ላይ አንድ ዘለላ ሙዝ አምጥቼ ዓይኗ ላይ አንጠለጠልኩ። አሁን ኮኮናት ይላል። በሙዝ የታረመ ጽሑፍ ያለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ጁላይ 21

መጣች። ጥቁር ትልቅ መነጽር አድርጋ። በጭጋግ ውስጥ የፀሐይ መነጽር... ሙስካቶች እንዲህ ሆነዋል ማለት ነው። ስታቅፈኝ እጇ መጀመሪያ ጆሮዬ ላይ አረፈ።

«ወፈርሽ፣ እቴ።»

«አንቺ ደግሞ ከሳሽ።»

ከስድስት ዓመት በኋላ የተባባልነው ይኸው ነው። ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ዳር ያለውን ሰሌዳ አሳይታ «ምን ይላል?» አለችኝ። «ግመል ሊያቋርጥ ይችላል፣ በዝግታ ንዳ» ብዬ አነበብኩ። ቀጥሎ ያለውንም ጠየቀችኝ። ከዚያም የሚቀጥለውን።

ገባኝ። መምህርት ናት፣ እየፈተነችኝ ነው።

ጁላይ 22

ዋዲ ደርባት፣ ፏፏቴው ያለበት ሸለቆ። ሣሩ አረንጓዴ ከመሆኑ የተነሳ ላም ሳልሆን መብላት አማረኝ። ሰው እንደ ገበያ። ላሞቼን አጠጣበት የነበረው ውኃ ላይ አሁን ጀልባ ይከራያል። ተሳፈርን። ሕይወት ማዳኛ የሚሉትን ቢጫ ሰደርያ አለበሱኝ። ሲሐም ፎቶ አነሳችኝ፤ የተጠቀለለ ፍራሽ መስያለሁ።

«እቴ፣ እዚያ ማዶ ምን ይታያል?» አለች ጡፉል።

«ፏፏቴ ነዋ።»

«እንዴት ያለ? በደንብ ንገሪኝ።»

አሁን ደግሞ የቃል ፈተና። «ነጭ ነው፤ ወደ ታች ይወርዳል» አልኳት። ሲሐም ሳቀች፣ ጡፉል አልሳቀችም። ዳር ስንወጣ ደግሞ ሰሌዳ አሳየችኝ። «መዋኘት ክልክል ነው» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ እንደ ክፍል ተማሪ። «ጎሽ» አለችኝ። ጎሽ! በዚህ ዕድሜዬ።

ጁላይ 23

እግሬ። ሌላ የምጽፈው የለም።

ጁላይ 24

በሚርባጥ መንገድ ላይ፣ መሬቱ መኪና ሽቅብ ይስባል የሚባልበት ቦታ ሄድን። ሲሐም ሞተሩን አጠፋች፣ ማርሹን አወጣች፣ ፍሬኑን ለቀቀች። መኪናው ቀስ እያለ ዳገቱን ወጣ፣ በራሱ። ጡፉል እንደ ልጅ እያጨበጨበች ሳቀች። እኔ ሰይጣን ነው ብዬ እጀታውን ያዝኩ። ሲሐም የዓይን ማታለል እንጂ መንገዱ ቁልቁል ነው አለች።

ይሁና። በሕይወቴ ሳልገፋው ሽቅብ የወሰደኝ ነገር ይህ ብቻ ነው፤ እሱም ቁልቁለት ሆኖ ተገኘ።

ስንመለስ «ታፔላሽን መቼ ነው የማየው?» አለች። «ነገ ባሕሩን አይተን... ከነገ ወዲያ» አልኩ። የሙዙ ዘለላ እየጠቆረ ነው።

ጁላይ 25

ጽሑፌ ዛሬ ከታፔላው ብሶ ጠሟል።

ሙግሰይል የባሕር ዳርቻ። ባሕሩ ከዓለቱ ሥር ይገባና በቀዳዳው እያገሳ ሰማይ ይወጣል፤ ሰው ይጮሃል፣ ይበሰብሳል፣ ይስቃል። ሲሐም መኪና ልታቆም ወደ ኋላ ቀርታለች። ሰንሰለቱ ጋ ስንደርስ ጡፉል ወደ ሰሌዳው ዞረች።

«ምን ይላል?»

መረረኝ። አምስት ቀን ሙሉ ተፈትኛለሁ። «ራስሽ አንብቢያ። መምህርት አይደለሽ?» አልኳትና ፊቴን አዞርኩ።

ዞር ስል የለችም። ሰንሰለቱ የተበጠሰበት ቦታ አለ፤ በዚያ አልፋ በሚያዳልጠው ዓለት ላይ ወደ ድምፁ እየሄደች ነው። ሰሌዳው «ከሰንሰለቱ ማለፍ ለሕይወት አደገኛ ነው» ይላል። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም፤ ጉልበት የለኝም እኮ። ሻርፗን ነው የያዝኩት። ውኃው ፊታችን ፈንድቶ ሁለታችንንም በቂጣችን አስቀመጠን።

«አብደሻል? ገደሉ አይታይሽም?»

«አይታየኝም» አለች። መነጽሯ ወድቆ ነበር። «መሃሉ ጠፍቶብኛል፣ ባኺታ። ዳር ዳሩን ብቻ ነው የማየው። ማንበብ ካቆምኩ ሁለት ዓመቴ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለአንቺ? ... ደስ ይልሽ ነበራ።»

መነጽሯን አንስቼ ውኃውን በሻርፗ ጠረግኩ። ውሸት ቢሆን «ውሸት ነው» እላት ነበር።

በመኪና ውስጥ ያቺ ቃል ጉንጬ ውስጥ ተነሳች። ሃምሳ ዓመት የቆየች ቃል። አሁን ነው ቀኗ። አፌን ከፈትኩ... «ግመል ሊያቋርጥ ይችላል» አልኩ። ሰሌዳው ሲያልፍ። እሷ ሳትጠይቀኝ። እስከ ቤት ድረስ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩላት፣ የጎማ ጥገናውን፣ የዶሮ ጥብሱን፣ የሚከራየውን ቤት። አንድም አላስቀረሁም።

ጁላይ 26

ዳሱ ጋ አመጣኋት። ታፔላው ሥር አቆምኳት። እጇን ዘርግታ ሙዙን ነካች።

«አንብቢልኝ።»

ቀላል ነበር። «ቀዝቃዛ ኮኮናት አለ» ብል ማን ያውቅብኛል? ኩቲ አያነብም፣ እሷ አታይም። ለዓመታት ያለምኩት ነገር በአንዲት ውሸት እጄ ይገባል... ግን ትናንት አንድ ሰሌዳ ሳላነብላት ቀርቼ የሆነውን አይቻለሁ።

ሙዙን አነሳሁት። «ቀዝቃዛ አሮጊት አለ» አልኩ። እንዴት እንደተሳሳትኩም ነገርኳት።

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። በሳቅ እንባዋ እየወረደ የዳሱን ምሰሶ ያዘች። «ወይ ጉድ... አንቺ ትርፍ ዓይን ተርፎሽ ታፔላ ላይ ትለጥፊያለሽ፣ እኔ አንዲት አጥቼ ገደል እገባለሁ።»

ኩቲ ምኑም ሳይገባው አብሮን ሳቀ።

ትንፋሿን ስትሰበስብ ቀስ ብላ «ላሞቹ ይስቁብሻል ብዬሽ ነበር» አለች።

«ታስታውሻለሽ እንዴ?»

«ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ያንን ቃል ለአንድ ልጅ አልደገምኩም። ምን ያህል እንደማስታውሰው ከዚህ እወቂው።»

ኮኮናት ቆርጬ ሰጠኋት።

«ለማንኛውም ስህተቱ ፊደሉ አይደለም» አለች ስትጠጣ። «ቁጥሩ ነው። አንድ አሮጊት ብቻ ነው የጻፍሽው። ብሩሽ አምጪ፣ ላስጽፍሽ።»

ኦገስት 2

ጡፉል ትናንት መሄድ ነበረባት። ጭጋጉ እስኪገፈፍ አልሄድም ብላ ቲኬቷን አራዘመች። ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ አነብላታለሁ፤ ስሳሳት ሲሐም በገዛችላት ዱላ እግሬን ትነካኛለች። ያማል። ግን መምታቷን ካቆመች ደስ አይለኝም።

ታፔላው አሁን «ቀዝቃዛ አሮጊቶች አሉ» ይላል። ፊደል በፊደል እየነገረችኝ ነው የጻፍኩት። ብዙ ሲሆኑ መሃል ላይ ሐምዛ የምትባል ምልክት ትገባለች፤ ከሥሯ መቀመጫ የምትሆን ፊደልም ያስፈልጋታል። ሦስት ጊዜ መሬት ላይ አስቀመጥኳት። «ወንበር ስጫት እንጂ፣ እሷም አርጅታለች» አለችኝ። ወንበር ሰጠኋት። ለጡፉልም ከኩቲ ሁለተኛ ወንበር ተዋስኩ፤ ከቆንጨራው ራቅ አድርጌ፣ ከሙዙ ሥር።

ዛሬ ከዱባይ የመጣ ጎልማሳ ስልኩን ደግኖ አነበበና ሁለታችንን አየ።

«ይቅርታ እናቶቼ፣ ቀዝቃዛዋ የትኛዋ ናት?»

አፌን ሳልከፍት ጡፉል ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። አላየችኝም፤ ግን አልሳተችም።