በሣሩ ላይ ስለተነበበው የልጄ ደብተር

ለክብርት ወይዘሮ ጌሳሬ ኦምዌንጋ
የኦሞንዶ ኮረብታ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት

ክብርት ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ትምህርት ቤቱ አጥር የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም ደወል የማይሰብረው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከኮረብታው ሥር፣ ከድንጋይ ቅርጽ ሠሪዎቹ መንደር፣ ወንዶቹ የጠረቡትን ቅርጽ በውሃና በሻካራ ወረቀት እየፈተግሁ የማለሰልስ፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዋ የከሩቦ እናት ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የለመድሁት ቅርጾቹ ከሚጠቀለሉበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ያነበብሁት ሁሉ መጀመሪያው ወይም መጨረሻው የተቀደደ ስለነበር ደብዳቤዬም እንደዚያ ቢሆን ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤውን ለሁሉ ግልጽ ያደረግሁት ደግሞ የልጄ ደብተር የተነበበው በሰው ፊት ስለሆነ፣ መልሱም በሰው ፊት ይሁን ብዬ ነው።

ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ተማሪዎች ከዕረፍት ሲመለሱ የብረት ሣጥናቸው በወላጅ ፊት ሣሩ ላይ ተገልብጦ እንዲፈተሽ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ልጄ ስንት የውስጥ ልብስ እንዳላት አብረውን የተሰለፉት ቤተሰቦች ሁሉ አሁን ያውቃሉ። ስልክ አልተገኘባትም፤ የተከለከለ ብስኩትም አልተገኘባትም። የተገኘው በሹራብ የተጠቀለለ ደብተር ነው።

2. ምክትልዎ መምህር ማኮሪ ደብተሩን ከፍተው ከፍ ባለ ድምፅ ስላነበቡልን አመሰግናለሁ፤ ድምፃቸው እስከ በሩ ይሰማል። «ጠዋት ከመነሣቴ ደክሞኛል። ደወሉን ስሰማ አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። የምነግረው ሰውም የለኝም» የሚለውን አነበቡና መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ኧረ የከሩቦ እናት፣ ልጅዎ ደክሟታል አሉ! አልጋ እናንጥፍላት እንዴ?» አሉኝ። ሰልፈኛው ሳቀ። ከኋላዬ የቆመች አንዲት እናት፣ «የኔዋንም እንዲህ ያደርጋታል፤ ታዲያ ሥራ ሲታዘዝ ብቻ ነው!» አለች። ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔም ሳቅሁ።

3. መምህር ማኮሪ ቀጥለው፣ «እጅ የለዎትም እንዴ፣ እናት? ቤት ያልተቀጣችውን እኛ ምን እናድርጋት?» ስላሉኝ አመሰግናለሁ፤ እጅ እንዳለኝ ያን ቀን አወቅሁ። በጥፊ መታኋት። ሃያ ዓመት ድንጋይ የፈተገ እጅ ነው። ከዚያም ወደ እርሳቸው ዞሬ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር» አልሁ። ከሩቦ አላለቀሰችም። ተንበርክካ ልብሶቿን አንድ በአንድ እያጣጠፈች ወደ ሣጥኑ መለሰች። ቀና ብላም አላየችኝ።

4. አራተኛው የእርስዎ አይደለም፤ ምስጋናም አይደለም። በዕረፍቱ ወቅት አንድ ቀን ከውሃ ገንዳው አጠገብ ስሠራ መጥታ ቁጭ አለችና፣ «እማዬ፣ ደክሞኛል» አለችኝ። «ከምን? ድንጋዩን የምፈትገው እኔ፣ የሚደክምሽ አንቺ!» አልኋት። «እሺ፣ ተይው» አለችና ተነሣች። ደብተሩን የጀመረችው በማግስቱ እንደሆነ ከላይ የጻፈችው ቀን ይናገራል፤ መምህር ማኮሪ ቀኑንም አንብበውልናል። እንግዲህ «የምነግረው ሰው የለኝም» ሲባል ከተሰለፈው ሰው ሁሉ ነገሩን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። ነግራኝ ነበር። ይህንን እያወቅሁ ነው የሳቅሁት፤ ይህንን እያወቅሁ ነው የመታኋት።

ባለፈው የጉብኝት ቀን ዶሮና ጫፓቲ ቂጣ ይዤ መጣሁና ከዛፉ ሥር ጠበቅሁ። ሌሎቹ በልተው ሲጨርሱ አንዲት ትንሽ ተማሪ እየሮጠች መጣችና፣ «እትዬ፣ ከሩቦ ሆዷን አሟታል በያት ብላኛለች» አለችኝ።

«እውነት አሟታል?» አልኋት።

«አይ፣ እትዬ። እዚያ መስኮቱ ጋ ናት።»

ቀና ስል መጋረጃው ተዘጋ። ምግቡን ለትንሿ ልጅ ሰጠኋት። ስወጣ መምህር ማኮሪ በሩ ላይ አገኙኝና፣ «ደብተሩ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው፤ ከፈለጉ ይውሰዱና የቀረውን ያንብቡ። ጉድ ነው!» አሉኝ። እጄ ተዘርግቶ ነበር። ልጄ ለእኔ የማትነግረው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ፤ የተቀደደ ጋዜጣ ሳይቀር ለቅሜ የማነብ ሴት ነኝ። ሆኖም አንድ ጊዜ ስትነግረኝ ያልሰማሁትን ተሰርቆ ሲሰጠኝ መቀበል አፈርሁ። እጄን መልሼ ሰበሰብሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር በትሕትና እለምናለሁ። ደብተሩ ከእንግዲህ ማንም ሳያነበው ለራሷ፣ በእጇ ይሰጣት። ሁለተኛው፣ በሚቀጥለው የመግቢያ ቀን፣ ሰልፉ ሳይበተን፣ እዚያው ሣር ላይ ቆሜ ልጄን ይቅርታ እንድጠይቃት ይፈቀድልኝ። ድምፄ ትንሽ ነው፤ እንዲሰማ እጥራለሁ። ነገር ግን አስቀድመው ከሩቦን ለብቻዋ፣ በቀስታ ይጠይቁልኝ። አልፈልግም ካለች ከበሩ ውጭ እቀመጣለሁ። ለምን እንደማትፈልግ ግን ማንም አይጠይቃት።

ለትምህርት ቤትዎ ሥነ ሥርዓት ካለኝ አክብሮት ጋር፣ ባልጠየቁኝ ጊዜ እንኳ በደስታ የተባበርሁዎ፣

ቦሲቦሪ ኦንቻሪ፣ የከሩቦ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ «ወላጅና መምህር ወጣቶችን እንዴት ይረዱ?» በሚል ርእስ የፊታችን ቅዳሜ ለተጠራው ስብሰባ የላኩልኝ ወረቀት ደርሶኛል። መምህር ማኮሪ ለሁለት ሰዓት ንግግር እንደሚያደርጉ፣ ተማሪዎቹም ስብሰባውን እንዳይረብሹ በመኝታ ክፍላቸው እንደሚቆዩ አንብቤአለሁ። ጉዳዩ ስለ እነርሱ ስለሆነ በእርግጥ መገኘታቸው ላያስፈልግ ይችላል። ብቻ የእኔን ወንበር ከእነርሱ ለአንዷ ይስጡልኝ፤ እኔ ቆሜ እሰማታለሁ።