ሼህ ይመር ያቃጠሉት ዳርቻ

ሰኞ፣ መጋቢት ፭ ቀን ፲፱፻፴

አስረዋቸዋል። ሼህ ይመርን አስረዋቸዋል፤ ያሳሰርኳቸውም እኔ ነኝ።

ጠዋት ደሴ ቢሮ ስገባ ጣሊያኑ አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጥሩ ጥናት ነው» አለኝ። ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሁለት ዓመት ባሕር ማዶ ስለ ጫካ ተምሬ ብመጣም እስካሁን የሚያሠሩኝ አስተርጓሚነት ነበር። በስሜ የተጻፈ የመጀመሪያው ጥናት ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ በላይ ያለው የጎፍ ጫካ ተቃጠለ፤ እሳቱ ከየት እንደተነሳ አጥና ተባልኩ። ጫካው አናት ላይ፣ ከሼህ ይመር ማሳ ሥር፣ በረጅሙ የተቃጠለ ጠባብ መሬት አገኘሁ። ይህን ያቃጠለው ማን ነው ብላቸው «እኔ ነኝ» አሉ፣ ሳያፍሩ ሳይፈሩ። ጻፍኩት። መነሻው ተገኘ ብዬ እያፏጨሁ ወረድኩ።

ቅዳሜ በጭነት መኪና ወደ አሰብ እስር ቤት ይልኳቸዋል ተባለ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የደጋ ሰው ናቸው፤ ያንን ሐሩር አይችሉትም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት ፮

የሼሁ ልጅ መዲና ቢሮው በር ላይ ጠበቀችኝ። ለአባቷ ስንቅ ይዛ ከጎፍ በእግሯ መጥታለች። አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አንቱ ነዎት የጫካው ሰው?» አለች። «አባቴ ያንን ዳር ያቃጠሉት ጥር ላይ ነው። ከዚያ ካፊያ ጣለ፣ ሣር በቀለበት፣ በጎቻችን ጋጡት። ወላሂ፣ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ባለፈው ሳምንት የነደደ መሬት ሣር ያበቅላል?»

አያበቅልም አልኳት። ዓመት ዓመት ጥር ላይ፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ መንደሩ ዱዓ አድርጎ ይወጣል አለችኝ። ሁሉም እርጥብ ቅጠል ይዞ ይሰለፋል፤ የጫካውን ዳር ሣር አቃጥለው እዚያው ያጠፉታል። በኋላ ትልቅ እሳት ቢመጣ የሚበላው አጥቶ እዚያ ይቆማል። ከአያቶቻቸው የወረሱት ነው። እኔ ማን ብዬ ጠየቅሁ እንጂ መቼ ብዬ አልጠየቅሁም። ሕፃን ልጅ እንኳ መቼ ይላል።

የጾሙን ሽሮ ሁለት ጉርሻ በልቼ ተውኩት። ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ነገ እወጣለሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት ፯

ወጣሁ። ዛሬ አየሁ፤ ያን ጊዜ ግን ዓይኔ የት ነበር?

— ሼሁ ያቃጠሉት ዳርቻ ላይ የጣት ቁመት ሣር አለ። ከሥሩ፣ ጫካው ውስጥ፣ አመድ ብቻ።

— የጽዶቹ ግንድ፦ በአቀበቱ በኩል ጥላሸቱ ከራሴ በላይ፣ በቁልቁለቱ በኩል ከጉልበቴ በታች። ከታች ወደ ላይ የወጣ እሳት ነው ግንድን እንዲህ የሚልሰው። ይህን ተፈትኜ አልፌበታለሁ!

— ከዳርቻው ወዲያ ሁሉ ደህና ነው። የገብስ ክምሩ አለ፣ መስጊዱ አለ፣ ዙሪያው ያሉት ወይራዎች አሉ።

እሳቱ የሞተበትን ቦታ የተወለደበት ነው ብዬ ጽፌያለሁ። አህያ!

በሐርቡ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። አለቃዬን አምጥቼ ላሳየው ይገባል፤ በልጉ ከጣለ ግን ጭቃ ረግጦ አይወጣም። ከሰነበተም ሁለቱም ጋ ሣር ይበቅልና ልዩነቱ ይጠፋል።

ሐሙስ፣ መጋቢት ፰

ለአለቃዬ ነገርኩት። «ፈርመህበታል» አለ። ተሳስቻለሁ አልኩት። «ሐበሻ ለሐበሻ ያዳላል» ብሎ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። ደሜ ፈላ። ይውጡና በዓይንዎ ይዩ፣ ውሸት ከሆነ ያባሩኝ አልኩ። ደፋር ሰው አይደለሁም። በመስኮት ሰማዩን አይቶ «ነገ፣ ካልዘነበ» አለኝ።

አገሩ ሁሉ አንጋጦ በልግ ይለምናል። እኔ ደግሞ እንዳይዘንብ ስለምን ዋልኩ። ነውር ነው፤ ግን ለመንኩ።

ዓርብ፣ መጋቢት ፱

አልዘነበም። አለቃዬ እያለከለከ ወጣ። ሣሩን ነቅሎ ሥሩን አየ፣ የግንዶቹን ጥላሸት በካራ ፋቀ። በመጨረሻ «ታዲያ ከየት መጣ?» አለ። ቁልቁል አሳየሁት። አዲሱ መንገድ በጫካው ሥር ያልፋል፤ ሬንጅ የሚያፈሉበት ምድጃ ከጽዶቹ ሃያ እርምጃ አይርቅም።

«መንገዱን አትጽፍም» አለ። «መነሻው አልታወቀም በል።»

ብቻ ሽማግሌው ይውጡ ብዬ ጻፍኩ። አፈርኩ፤ ግን ጻፍኩ።

ያ አልበቃ ብሎት ቢሮ ስንመለስ ሌላ ትእዛዝ አስጻፈኝ፦ ከእንግዲህ ማንም ሰው በጫካ ዳር እሳት እንዳይለኩስ። ሽማግሌው የሚፈቱት ይህን ሲፈርሙ ነው። ግማሹን ተራራ ያተረፈው እኮ ይኸው ልማድ ነው አልኩት። «እሳት እሳት ነው» ብሎ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት ፲

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። እስር ቤቱ ግቢ ውስጥ ወረቀቱን ለሼህ ይመር አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ጥር ላይ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን ማለት ነው?» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«አልፈርምም ብልስ?»

የአሰቡ መኪና በሩ ላይ ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ነበር። መዲና የአባቷን ጋቢ ጫፍ ይዛ ታለቅሳለች። ወደ እሷ አዩ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ።

ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ክንዴን ይዘው ቀና አደረጉኝ።

«አብሽር፣ ልጄ። ሰው ይሳሳታል። እኔስ ይኸው ወደ ቤቴ ገባሁ፤ ጫካው ግን እንዳሳሰርከው ቀረ።»

በክፋት አልነበረም ያሉት። ጭቃውን እየሸሹ፣ በልጃቸው ተደግፈው፣ ቁልቁል ወረዱ። መኪናው ያለ እሳቸው ሄደ፤ ዛሬ ይህን ማየቴ ይበቃኝ ነበር።

ሰኞ ገበያ መሀል ቆሜ ትእዛዙን ለሕዝቡ የማነበው እኔ ነኝ። እስከ ጥር አሥር ወር አለ። አለቃዬን በአሥር ወር ማሳመን እችል ይሆን? ካልቻልኩስ፣ እርጥብ ቅጠል ይዤ አብሬያቸው እሰለፋለሁ? አዎ ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት። እንደገና ጻፍኩት።