በር የሚያንኳኩ ሙታን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝ ዛሬ ቴሌግራም ላይ ወጣ። ከፋብሪካ ስወጣ ዝናብ... በጥቅምት! ምን ነካው ዘንድሮ? ባጃጅ አጥቼ ድልድዩን በእግሬ ተሻገርሁ። ዓባይ ማዶ ስደርስ ጫማዬ ውኃ ጠጥቷል። በድርሰቴ ውስጥ ሙታኑ የሚሻገሩትም በዚሁ ድልድይ ነው። እነሱም ባጃጅ አያገኙም።

ዜማ ምሳ ሰዓት ላይ ጮኸችብኝ። እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ገጹ ላይ ትለጥፋለች፣ ከአንባቢ ጋር የምትጣላውም እሷ ናት።

"ሰገነት፣ እስካሁን አንድ ሰው እንኳ አልተነከሰም! ሰዉ ደም ይፈልጋል። ዞምቢ ደግሞ በር አያንኳኳም!"

"የኛ አገሩ ያንኳኳል። ሳያንኳኳ የሚገባ ባለጌ ነው።"

ሳቀች። ግን እውነቴን ነው። የኔ ሙታን ማንንም አያሳድዱም። በኅዳር ሚካኤል፣ ሰፈሩ ቆሻሻውን ሲያጥን፣ ከጭሱ መሃል ይነሣሉ፤ ከዚያ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። በቃ። የነኩት ሰው ግን ታሞ ይሞታል። ስለዚህ ሰው በሩን ይቆልፋል፣ መጥረቢያ ያነሣል... አሁን የቀረኝ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። የድርሰቴ ዋና ሰው አንዲት ልጅ ናት፤ ሞቶ የተነሣው አባቷ በሯ ላይ ቆሟል።

ለአባባ ቆሎ ላክሁ። ጀልበኛው ክንዱ አባባ ላለበት ገዳም ዕቃ ያመላልሳል፤ "ለመሪጌታ አዘዘ በልልኝ" አልሁት እንደ ወትሮው። "እሺ እታለም" አለ እንደ ወትሮው። መልስ የለም... ይኼም እንደ ወትሮው።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ሙሉ ቀን ተቀመጥሁ። አንድ መስመር አልወጣም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

አንድ አንባቢ "ደራሲዋ ይህን ሐሳብ ከየት አመጣችው?" ብሎ ጠየቀ። ዜማም ጠየቀችኝ። ከፊልም ነው አልኋት።

ከፊልም አይደለም። እማማ ካረፈች በኋላ አባባ መነኮሰ። ሴት የማይረግጠው ደሴት ገባ። አጎቴ አምሐ ሥርዓቱን አይቶ መጥቶ ነገረኝ... እንደ ሬሳ አስተኙት፣ ሸፈኑት፣ ጸሎተ ፍትሐት ደገሙለት። ለዚህ ዓለም ሞተ ማለት ነው። ከዚያ ተነሥ አሉት። ተነሣ። ቆብ ደፉለት፣ አዲስ ስም ሰጡት። አጎቴ ስሙን ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት ጆሮዬን ይዤ ወጣሁ። አባቴን አዘዘ ብዬ ነው የማውቀው፣ ሌላ ስም አልሰማም።

እንግዲህ ሞቶ የተነሣ ሰው ከፈለጋችሁ፣ አባቴ አለ። ወደ ቤቱ አለመምጣቱ ብቻ!

ቤታችን ውስጥ አባባን አንተ የምለው እኔ ብቻ ነበርሁ። እማማ እንኳ አንቱ ነበር የምትለው። ሰው ሲቆጣኝ "ተዉአት፣ የኔ ባለሥልጣን ናት" ይል ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ዜማ መጨረሻውን ራሷ ጽፋ አመጣችልኝ። ልጅቱ አባቷን በመጥረቢያ... እዚያ ላይ ማንበብ አቆምሁ።

"ምን ሆንሽ? ሙት ነው እኮ!"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን ታድርግ? ትክፈትለትና ትሙት?"

እንጃ። እኔ ብሆን እከፍት ነበር። ናፍቆኛል። እህል አልበላ እስኪለኝ ናፍቆኛል። ከሐይቁ ዳር ሆኜ ደሴቱን አየዋለሁ፣ ዛፉ ይታየኛል፣ እሱ አይታየኝም። የሞተ ቢሆን ለቅሶ ተቀምጬ ይወጣልኝ ነበር። በሕይወት ያለ ቢሆን ሄጄ አየው ነበር። የኔው ምን ይባላል?

አንድ ጊዜ ብቻ ልየው። ከጀልባ ሳልወርድ። ጀልባው ላይ መቀመጥ ኃጢአት ነው እንዴ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ከሥራ ቀርቼ ክንዱን ወደቡ ላይ ጠበቅሁት። "ለመሪጌታ አዘዘ፣ ልጅህ ወደቡ ድረስ ውረድ ትላለች በልልኝ" አልሁት። ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። ፈትቶ እንደገና ጠቀለለ።

"እታለም... ቁርጡን ልንገርሽ?"

"ምን ሆነ? ታመመ?"

"ኧረ የለም! በዚህ ስም የሚጠራ አባት የለም እዚያ። መጀመሪያ ቀን መጋቢውን ጠየቅኋቸው። 'አዘዘ ሞቷል፣ ፍትሐት ተደግሞለታል' አሉኝ። አንቺ ደግሞ አዘዘ በል ትያለሽ። ምን ልበልሽ? ይሉኝታ ያዘኝ።"

"ቆሎውስ? በሶውስ? የላክሁት ሁሉ?"

"ለማኅበሩ እሰጣለሁ። አባቶች ይበሉታል እንጂ የት ይሄዳል!"

ሦስት ዓመት ሙሉ! ተናድጄ ልሰድበው አፌን ከፈትሁ። ማንን ልስደብ? ስሙን አልሰማም ያልሁት እኔ። መልስ አልሰጠኝም ብዬ ያለቀስሁበት ሰው ለካስ አልተጠራም። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ።

"የድጓ መምህሩን ከሆነ የምትፈልጊ" አለ ክንዱ ቀስ ብሎ፣ "አባ ገብረ ኪዳን ናቸው።"

ገብረ ኪዳን። እቤት ገብቼ ደጋግሜ አልሁት። አፌ ውስጥ እንግዳ ሰው ሆነብኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

በአዲሱ ስም ለላክሁት መልእክት ክንዱ መልስ አመጣ! እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትምጣ፣ ከጀልባው እንዳትወርድ።

ዜማ አንባቢው መጨረሻውን አምጡ እያለ ነው ትለኛለች። ይጠብቅ። እኔስ ስንት ጠበቅሁ?

ነጠላዬን አጠብሁ። ምን ብዬ ነው የምጀምረው? "አባባ፣ ከሳህ" ልበል? ገና ሳላየው ከሳ አልሁ...

እሑድ፣ ኅዳር 7

አየሁት። አየኋቸው።

ደንገሉን አልፈን ድንጋዩ ዘንድ ቆምን። ክንዱ ሞተሩን አጠፋ። በዛፎቹ መሃል ቢጫ የለበሱ ሽማግሌ እየወረዱ ነው። አረማመዱ የአባባ ነው፣ ቀኝ እግሩን ትንሽ ወደ ውጭ...

"እንዴት ሰነበትሽ፣ ልጄ?"

ልጄ አሉኝ! ዘልዬ ልወርድ ነበር። ወዲያው ወደ ክንዱ ዞረው "አንተስ ደኅና ነህ፣ ልጄ?" አሉት። በዚያው ድምፅ።

ተቀመጥሁ።

"አባባ" አልሁ። ክንዱ ውኃውን ያያል። እሳቸው መሬቱን ያያሉ።

"አባ" አልሁ። "አባ ገብረ ኪዳን... እንደምን ሰነበቱ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።" መስቀላቸውን ዘረጉልኝ። ከጀልባው ጠርዝ ተንጠልጥዬ ተሳለምሁ። በመሃላችን ክንድ የማይሞላ ውኃ ነበር።

"ትጽፊያለሽ አሉኝ። ስለ ምን?"

አፈርሁ። "ስለ ሙታን። ተነሥተው ወደ ቤታቸው ይመጣሉ።"

"ምን ፈልገው?"

"ናፍቋቸው... መሰለኝ።"

"ሰው ይጎዳሉ?"

"የነኩት ሰው ይሞታል። እነሱ ግን ፈልገው አይደለም።"

"እንግዲያው ባይመጡ ይሻል ነበር" አሉ። "ወደው ግን አይምሰልሽ የሚቀሩት።"

እንባዬ አልመጣም። ደረቅሁ።

"አንዲት ልጅ አለች" አልሁ። "አባቷ በር ላይ ቆሟል። ትክፈት ወይስ ትግደለው፣ አላውቅም።"

"ለምን ትገድለዋለች? ሞቷል አላልሽም?" ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። "አልቅሳለታለች?"

"ማን?"

"ልጅቱ።"

"አላለቀሰችም። ጊዜም አላገኘች... በሩን ስትጠብቅ።"

"ታልቅስ እንጂ! አባት ሞቶባት የለም እንዴ? ታልቅስለትና በሩን ትዝጋ። ምንም አይላትም። አይቀየማትም።"

ደወል ተመታ። ክንዱ ጀልባውን በዘንግ ሲገፋ ወዘወዘኝ፣ ጠርዙን ያዝሁ። "ወደ መሃል ተቀመጪ፣ ጀልባ ያጥወለውልሽ ነበር..." አሉ ፈጥነው። ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ዞረው ወጡ። ኋላቸውን አላዩም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ምዕራፍ ሃያን ጨረስሁ። ልጅቱ በሩ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። አባቷ ከበሩ ማዶ ሰማት። ስትጨርስ ሄደ። አንድም ጠብታ ደም የለም።

ዜማ አንብባ አንድ ቃል ሳትነካ ለጠፈችው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

አንባቢው ተቆጥቷል። "ይቺ ደራሲ ዞምቢ ትፈራለች" ያለ አለ። "እኔም አባቴን ሳላለቅስለት ቀረሁ" ያለም አለ፤ ለእሱ መልስ ልጽፍ ብዬ ጣቴ እምቢ አለኝ።

ሰፈሩ ገና በጠዋቱ ታጥኗል፣ የሁሉም ደጅ ይጨሳል። እኔ የወለሉን ምንጣፍ ጠቅልዬ መሬት ተቀመጥሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስሁ። ከዚያ መጣልኝ። አባባ! አባባ! ብዬ ጮኼ አለቀስሁ። ጎረቤቴ እትዬ ፅጌ ማርያም ክብሪት ልትጠይቅ መጥታ ነበር፣ በር ላይ ደርቃ ቀረች።

"ምነው? ምነው ልጄ? ማን ሞተብሽ?"

"አባቴ።"

"መሪጌታ? መቼ?"

"ሦስት ዓመት ሆነው።"

አየችኝ። አባቴ የት እንዳለ ታውቃለች፤ የመነኮሰ ጊዜ እልል ካሉት አንዷ እሷ ናት። ጫማዋን አወለቀች። ነጠላዋን እንደኔ አዘቀዘቀችና አጠገቤ መሬት ተቀመጠች።

"እግዜር ያጽናሽ" አለችኝ።