«እንጸልይበታለን» ማለት እምቢ ማለት አይደለም

ለክቡር የወጣት ካንሰር ሕሙማን ምርምር ቢሮ ኃላፊ
ጆሃንስበርግ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እየተመኘሁ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። በዳቬይተን ሰፈር ስፓዛ የምንላት ትንሽ ሱቅ ያለኝ፣ በደም ካንሰር ታማ የምትታከመው የአሥራ አምስት ዓመቷ የፊቤ አባት ነኝ። ቢሮዎ ልጄን በምርምሩ ላይ ሐሳብ ከሚሰጠው የወጣት ሕሙማን ቡድን ስላስቀራት፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በመጋቢት ወር አንዲት ሠራተኛችሁ ፊቤ ቡድኑ ውስጥ እንድትገባ ፈቃዳችንን ስትጠይቀን «እንጸልይበታለን» አልናት። በእኛ ቤት እንዲህ የሚባለው ነገሩ ትልቅ ሲሆን ነው። ባለቤቴ ኤርጎጌ ከጸሎት ቡድናችን ጋር ሦስት ቀን ጾማ፣ እሺ የሚል መልስ ይዘን ስንመጣ መዝገቡ «ቤተሰቡ ፈቃደኛ አይደለም» ተብሎ ተዘግቶ ጠበቀን። ልባችንን ከእኛ ቀድማችሁ ስላወቃችሁልን እናመሰግናለን።

2. ይከፈትልን ብንል እንደ እኛ ያሉ ቤተሰቦች «በቀላሉ አይገኙም» ተባልን። እኔ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከሱቄ መስኮት አልጠፋም፤ ሌባ እንኳ አጥቶኝ አያውቅም። ለሌላ ጥናት የፊቤ ደም ሲፈለግ ደግሞ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ተደውሎልኛል።

3. ከፊቤ ጋር ተኝተው ከሚታከሙት ልጆች አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው። ግድግዳችሁ ላይ በተሰቀለው የቡድኑ ፎቶ ያሉት ስምንቱም ግን ነጮች ናቸው። እነሱም የታመሙ ልጆች ናቸውና እግዚአብሔር ይማራቸው፤ ቅሬታዬ በእነሱ አይደለም። ደሙን ከጥቁሩ፣ ሐሳቡን ከነጩ ብሎ የደለደለውን ሰው ግን ባውቀው ደስ ይለኛል።

4. የመድኃኒቱ ወረቀት ቆዳ ከቀላ በአስቸኳይ ወደ ሐኪም ሂዱ ይላል። የፊቤ ቆዳ አይቀላም፤ ይጠቁራል። ወረቀቱን አምነን አራት ቀን ስንጠብቅ ልጄን ላጣት ነበር። ለቡድኑ መንገር የፈለገችውም ይህንኑ ነው፤ በእንግሊዝኛም በዙሉም ስለምትናገር አስተርጓሚ አታስፈልጋትም። እዚህ ላይ ንዴቴን በትሕትና መሸፈን አልቻልኩም፤ ይቅርታም አልጠይቅበትም።

ስለዚህ ቡድኑ በሚሰበሰብበት በመጪው ቅዳሜ ፊቤን ይዤ እመጣለሁ። ሳይጠሩት አቤት እንዳልባል፣ መጀመሪያ የጠራችሁን እናንተ ናችሁ። ወንበር ከጠፋ የለስላሳ ሳጥን ከሱቄ ይዤ እመጣለሁ።

ባልተመዘገበው ፈቃዴ የጸናሁ፣ ለመገኘትም ምንጊዜም የማልቸገር፣
አክባሪዎ ምሕረቱ
ከዳቬይተን

ማስታወሻ፦ በዚህም ደብዳቤ ላይ ጸልየንበታል። እግዚአብሔር በሦስት ቀን መልሶልናል፤ ከቢሮዎ መልስ ስንጠብቅ ግን አራት ወር ሆነን። በቀላሉ የማይገኘው ማን እንደሆነ ለእርስዎ ፍርድ ትቼዋለሁ።